ባናው ያንቺ አይደለም፣ የቀንድ ቁልፉ ግን ያንቺ ነው

«እትዬ እንደምን አሉልኝ። መንዝ ተወልጄ ደብረ ብርሃን የምኖር ነኝ፣ ከባና፣ ከበግ ፀጉር ከሚሸመነው ብርድ ልብስ ማለቴ ነው፣ ቦርሳ እሠራለሁ። እናቴ ትፈትላለች፣ አጎቴ ይሸምናል፣ ቅዱና ስፌቱ የኔ ነው። ቦርሳው የሚዘጋው ከበሬ ቀንድ ቆርጬ በማወጣው ቁልፍ ነው፣ ግራና ቀኝ ክንፍ ያለው ሆኖ መሐሉ ቀጠን ያለ፣ ቅርጹን ራሴ ነኝ ያወጣሁት። አምና መጋቢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት፣ ተወደደ። ከዛ አንድ የባህል ዕቃ ባለሱቅ ‹አምጪ፣ እየሸጥኩ እከፍልሻለሁ› ብሎኝ ስሰጠው ቆየሁ። ዘንድሮ ኅዳር ሱቁ ስገባ የኔን ቦርሳ ቁርጥ የሚመስል፣ ግን ከሰው ሠራሽ ክር፣ ከአክሪሊክ ብርድ ልብስ የተቆረጠ፣ ቁልፉም የኔው ቅርጽ ሆኖ ፕላስቲክ የሆነ ደርድሯል። የኔ 2,800 ብር ነው፣ የሱ 1,100። ለገዢ ‹የመንዝ ባና ነው› ይላል። የሰፋችለት ደግሞ እኔ ያስተማርኳትና ስታግዘኝ የነበረችው የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ የካርቶን ቅዴን ይዛ ነው የሄደችው። ስናገረው ‹ባና የማንም አይደለም፣ ሂጂና ክሰሺ› አለኝ። ጓደኞቼ ቲክቶክ ላይ አውጪው ይሉኛል፣ ባለቤቴ ተይው ይለኛል። ልክሰስ፣ ዋጋ ልቀንስ፣ ምን ላድርግ? ባለ ባናዋ ነኝ።»

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሳነበው መጀመሪያ ደሜ ነው የፈላው፣ በተለይ «ሂጂና ክሰሺ» የምትለዋ ጋ ስደርስ፣ ምክንያቱም እንደዛ የሚል ሰው እንደማትከሺ አስልቶ ነው የሚናገረው። ግን ንዴቱ ይቆየንና አንድ የማትወጂውን ነገር ልንገርሽ፣ ሰውዬው ግማሹን እውነት ነው የተናገረው። ባና የማንም አይደለም።

ያንቺም አይደለም፣ የሱም አይደለም፣ የመንዝ ሰው የሁሉም ነው። የጓሳን ብርድ የቀመሰ ሰው ባና ለምን እንደተሠራ አይጠይቅም፣ በግ አለ፣ ብርድ አለ፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ባናው ዝተቱ በርኖሱ ከዛ ይመጣል፣ ጥቁሩም ቡኒውም ነጩም የበጉ የራሱ ቀለም ነው። ይሄን አንድ ሰው ቀድሞ የኔ ነው ብሎ ቢያዘው ኖሮ ዛሬ አጎትሽ ለመሸመን ፈቃድ ሊጠይቅ ነበር፣ ስለዚህ የማንም አለመሆኑ ላንቺም በጅቷል። ባናን ቆርጦ ቦርሳ ማድረግ የሚለው ሐሳብም ያው ነው፣ ሐሳብ ብቻውን አይያዝም፣ ነገ አንዷ የሰላ ድንጋይ ከተማ ልጅ ከባና የላፕቶፕ ቦርሳ ሰፍታ ብትመጣ ሌባ ልትያት አትችይም። ቦርሳው ባለ ማንገቻ መሆኑ፣ አራት ማዕዘን መሆኑ፣ ይሄም ድሮም ያለ ነው። በዚህ በኩል ከሰውዬው ጋር ከተከራከርሽ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆንብሽ።

የብብትሽ ያልኩት ቁልፉን ነው። አንቺ ደብዳቤሽ ላይ በአንድ መስመር አለፍሽው እንጂ ለኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። በ1987 የወጣ አዋጅ ቁጥር 123 የሚባል አለ፣ ስለ ፈጠራ፣ ስለ አነስተኛ ፈጠራና ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ። ኢንዱስትሪያዊ ሲባል ፋብሪካ ላለው ሰው ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ የዕቃው መልክ አዲስ ከሆነና ያንን መልክ እንደ ሞዴል ይዞ ደጋግሞ ማምረት ከተቻለ ቤቷ ቁጭ ብላ የምትሠራም ሴት ታስመዘግባለች። ሲመዘገብ ለ5 ዓመት ነው፣ ከዛ ሁለት ጊዜ በ5 በ5 ዓመት ይታደሳል፣ በጠቅላላው 15 ዓመት መሆኑ ነው። በዛ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው ያንን መልክ ያለው ዕቃ ያላንቺ ፈቃድ መሥራት፣ መሸጥ፣ ከውጭ ማስገባት አይችልም። «የኔ ፕላስቲክ ነው የሷ ቀንድ ነው» ብሎ ማምለጥም የለም፣ የሚመዘገበው ቁሱ ሳይሆን መልኩ ነው፣ ሁለቱ ክንፎችና ያ ቀጭን ወገብ።

አሁን የሚያስቸኩለኝን ልንገርሽ። ሕጉ አዲስ ነው የሚለው ንድፉ ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ለሕዝብ ያልተገለጠ ከሆነ ነው፣ እዚህ አገርም ሆነ ውጭ። አንቺ ቴሌግራም ላይ የለቀቅሽው አምና መጋቢት ነው፣ አሁን ኅዳር ነን። የቀረሽ አራት ወር ገደማ ነው ማለት ነው፣ ጥምቀት ይለፍ፣ ጾም ይያዝ፣ ምናምን እያልሽ ከመጋቢት ካሳለፍሽው ግን የራስሽ ፖስት ራስሽን ይጥልሻል። እኔ እንደውም ብዙ ሰው የሚሸነፈው በሌባው ሳይሆን በዚህ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ሲቀዱበት ወር ሁለት ወር ይበሳጫል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ይታረቃል፣ እንደገና ይጣላል፣ በመሐል ጊዜው እልም ይላል። ስለዚህ ከባለሱቁም ከልጅቷም በፊት ይሄን አድርጊ። ማመልከቻው የሚገባው አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ በጠዋት ተነስተሽ ማታ ቤትሽ ነሽ። ስትሄጂ የቁልፉን ጥርት ያለ ፎቶ ከፊት ከኋላ ከጎን አንስተሽ፣ ወይ በሥዕል አሠርተሽ ያዢ፣ ዕቃውንም ራሱን ያዢ። ቁልፉን ለብቻ ማስመዘግበው ይሻላል ወይስ ቦርሳው ላይ እንዳለ ብለሽ ባለሙያዎቹን እዛው ጠይቂያቸው፣ ለመጠየቅ አትፈሪ፣ ሥራቸው ነው። ፎርም መሙላቱ ከከበደሽ ደግሞ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራኑ ጋ ጎራ ብለሽ ነፃ የሕግ ምክር ይሰጡ እንደሆነ ጠይቂ፣ ለጠበቃ ብር ከማውጣትሽ በፊት።

ማስረጃሽን ዛሬውኑ ሰብስቢ። የመጋቢቱን የቴሌግራም ፖስት እንዳታጠፊው፣ ኤዲትም እንዳታደርጊው፣ ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺውና ሌላ ስልክ ላይም አስቀምጪ። ከባለሱቁ ጋር የተጻጻፋችሁትን፣ የላከልሽን ቮይስ፣ የሰጠሽውን ዕቃ ብዛት የጻፍሽበትን ደብተር፣ ሁሉንም። እና አንድ ሰው የማያስበው ነገር፣ የተበላሹብሽን አትጣያቸው። ቀንድ መሐሉ ሲቀጥን ስንጥቅ ይላል፣ ያ ወገቡ ልኩን እስኪያገኝ የሰበርሻቸው ቁልፎች መቼም አይጠፉም፣ አንድ ፌስታል ውስጥ ይኖራሉ፣ ክንፉ የተንጋደደ፣ ቀዳዳው የጠበበ። ሰብስበሽ አስቀምጪያቸው። የሚገለብጥ ሰው የተበላሸ ሙከራ የለውም፣ ያለቀውን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ነገ «እኔ ነኝ ቀድሜ ያወጣሁት» የሚል ቢመጣ ከስንት ወረቀት በላይ የሚናገርልሽ ያ ፌስታል ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ የአንድ ዓመት ነገር ሁሉን አይመለከትም። ባለፈው ከሸዋ ሮቢት አንድ የብየዳ ቤት ያለው ልጅ የማሾ መውቂያ ማሽን እንደሠራና በየገበሬው ማሳ እየወሰደ ሊያሳይ እንዳሰበ ጽፎልን ነበር። እሱ ያሻሻለው መልክ ሳይሆን አሠራር ነው፣ ፍሬው ሳይሰበር እንዲወቃ ያደረገበት መንገድ፣ ስለዚህ የሚሄደው በአነስተኛ ፈጠራ ነው፣ እሱም 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ይታደሳል። እንደሱ ላለው ሰው ምክሬ አጭር ናት፣ መጀመሪያ አመልክት፣ ከዛ አሳይ። ማሾ ደርሷል ገበሬው ቸኩሏል ብሎ ማሳ ላይ ካስነሳው በኋላ ቪዲዮው ተቀርጾ ከሳምንት በኋላ የአታዬ በያጅ ሁሉ ይሠራዋል።

አደራ ግን አንድ ነገር እንዳትሳሳቺ፣ ሰርተፍኬት ስለያዝሽ ፖሊስ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ፎርጅድ አይለቅምልሽም። ተከታትለሽ ማስቆም ያው ያንቺ ሥራ ነው፣ ፍርድ ቤት መመላለስ ቢመጣም ጊዜም ብርም ይበላል። እስካሁን ለሸጠውም በንድፍ በኩል ካሳ አገኛለሁ ብለሽ ብዙ አትጠብቂ። የሚቀየረው ንግግሩ ነው፣ ዛሬ «ሂጂና ክሰሺ» ያለሽ ሰው ነገ የማመልከቻ ቁጥር ያለው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጪለት ድምፁ ሌላ ነው የሚሆነው፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የሰውን ምልክትና ንድፍ አስመስሎ ገዢ ማታለልን እንደሚያስቀጣ ጠበቃ ባይነግረው ጎረቤቱ ነጋዴ ይነግረዋል።

ደግሞ ሰውዬው አንቺ ባላየሽበት በኩል ነው በጣም የሚደክመው። አንቺ የተናደድሽው ስለቀዳሽ ነው፣ እሱን የሚጥለው ግን ስለዋሸ ነው። አክሪሊክ ብርድ ልብስ ቆርጦ በ1,100 ብር መሸጥ መብቱ ነው፣ ማንም አይከለክለውም፣ አክሪሊኩን «የመንዝ ባና ነው» ብሎ መሸጥ ግን ገዢን ማታለል ነው፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ የሚባለው፣ ቁጥር 813/2006፣ የሌላውን ነጋዴ ዕቃ አስመስሎ ማደናገርንም ለሸማች የውሸት መረጃ መስጠትንም ይከለክላል። ለዚህ የመጋቢቱ ጊዜ አያስጨንቅሽም፣ ሰርተፍኬትም አያስፈልግም። ዘመድ ቢጤ ልከሽ አንዱን ቦርሳ ግዢ፣ ደረሰኝ ይቀበል፣ ደረሰኙ ላይ «የባና ቦርሳ» ተብሎ ቢጻፍለት ደግሞ እሰየው ነው። ከዛ ከቦርሳው ጠርዝ አንድ ክር ምዘዢና ውጭ ወጥተሽ ክብሪት ለኩሺበት። ሱፍ ከሆነ ቶሎ አይያያዝም፣ እሳቱን ስታርቂው ራሱ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ የቀረውን በጣትሽ ስታሺው ዱቄት ይሆናል። አክሪሊክ ከሆነ ቱግ ብሎ ይነዳል፣ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ ጥቁር ጠጣር ዶቃ መስሎ ይቀራል፣ ብትጨፈልቂው አይፈርስም። ይሄን በስልክ ቅረጺው፣ የራስሽንም ክር ከጎኑ አቃጥለሽ አሳዪ።

ሱቁ ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ፣ አጎትሽን ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ስለ መቅዳት አታንሺ፣ ያለኝን ሒሳብ እንዝጋ በይው፣ እጁ ላይ የቀረው ያንቺ ዕቃ ስንት ነው፣ የተሸጠው ስንት ነው፣ ጽፎ ይፈርምልሽ፣ ዕቃሽንም ተቀበይ። ገንዘብሽ እጁ ላይ እያለ ከተጣላሽ ገንዘቡም ይቀልጣል። እሱ ካለቀ በኋላ ነው ዋናው ወሬ፣ ረጋ ብለሽ «አክሪሊክህን ሽጥ፣ ግን ቁልፌን አንሳ፣ የመንዝ ባና ነው አትበል» በይው፣ ሁለት ነገር ብቻ። ከተስማማ እሰየው፣ ጻፉት። ካልተስማማ ደረሰኙንና ዕቃውን ይዘሽ ንግድ ቢሮ አቤት በይ። ከእንግዲህ ደግሞ ለማንም ባለሱቅ ዕቃ ስትሰጪ ወረቀት ይኑር፣ ግማሽ ገጽ ይበቃል፣ ብዛቱ፣ ዋጋው፣ መቼ እንደሚከፍል፣ አስመስሎ እንደማያሠራ። በእምነት ነው ምናምን የሚለውን ተይው፣ እምነቱ ያለ እንደሆነ ወረቀቱ ምን ይጎዳዋል።

ወደ ልጅቷ ልምጣ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ከቦርሳው በላይ ያመመሽ እሷ እንደሆነች ያስታውቃል። እኔ ግን ትንሽ ከሷ ጋ ልቁም። ስፌት ያስተማርሻት አንቺ ብትሆኚም እጇ ላይ ያለው ሙያ የራሷ ነው፣ ለሌላ አትስፊ ልትያት አትችይም። ካርቶኑ ግን ያንቺ ነው፣ እሱን መውሰዷ ጥፋት ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ግን ልጠይቅሽ፣ በቦርሳ ስንት ነበር የምትከፍያት? ይሄን አልጻፍሽልኝም። 2,800 ከሚሸጥ ቦርሳ እጇ ላይ የሚደርሰው ለታክሲና ለሻይ ብቻ ከነበረ፣ ባለሱቁ ትንሽ ጨምሮ ሲጠራት መሄዷን ክህደት ብቻ ብዬ አላነበውም። ደግሞ ሁሉን ትተሽ ይሄን አስቢው፣ ቁልፉን እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩ ብሎ ያዘዘው ባለሱቁ መሆኑን የምታውቅ እሷ ናት፣ ማለትም ዋና ምስክርሽ ናት። ፖሊስ ከላክሽባት፣ ወይ በየማኅበሩ ስሟን ካነሳሽ፣ ምስክሩን ለሱ ሰጠሽው ማለት ነው። እናቷ ጋ ሂጂ፣ ሽማግሌ ሳትሰበስቢ፣ ጎረቤት ነሽ አይደል፣ ቡና ጠጪና «ካርቶኔን ትመልስልኝ፣ የሆነውንም ትንገረኝ» በይ። ብትመጣ ደግሞ መልሰሽ ልታሠሪያት ፈቃደኛ ከሆንሽ በቦርሳ የምታገኘውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የቲክቶኩን ነገር ተይው፣ እዚህ ላይ ባለቤትሽ ልክ ነው። ስሙንና ሱቁን ጠርተሽ ሌባ ካልሽው ነገ ስም አጥፍታለች ብሎ ከሳሽ የሚሆነው እሱ ነው፣ ላይክ ያደረጉልሽ ሁሉ ፍርድ ቤት አብረውሽ አይመጡም፣ የሱንም ቦርሳ በነፃ ታስተዋውቂለታለሽ፣ «1,100 ነው? የት ነው ሱቁ?» የሚል ኮሜንት ነው የሚሞላው። መለጠፍ ከፈለግሽ የራስሽን ለጥፊ፣ እናትሽ እንዝርቷን ስታሾር፣ አጎትሽ ሲሸምን፣ አንቺ ቀንዱን ስትሞርጂ፣ የክሩን እሳትም ጨምሪበት የማንንም ስም ሳትጠሪ። ፎቶ ስትለቂ ደግሞ ፎቶው ላይ ስምሽንና አድራሻሽን ጻፊበት፣ ይሄ ለጌጥ አይደለም፣ የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ ለብቻው የወጣ ፎቶ ጥበቃ እንዲያገኝ የባለቤቱ ስምና አድራሻ እንዲኖርበት ይፈልጋል። የሚቀዱሽ ሰዎች እኮ ብዙ ጊዜ ፎቶሽንም አብረው ነው የሚወስዱት፣ በራስሽ ፎቶ የራሳቸውን ዕቃ ይሸጡበታል።

ስም አለሽ ወይ ደግሞ? ቦርሳው ላይ የምትሰፊው ስም ማለቴ ነው። ከሌለሽ አውጪና በንግድ ምልክት አስመዝግቢው፣ አዋጁ 501/1998 ነው፣ 7 ዓመት ይቆያል፣ በየ7 ዓመቱ እያደስሽ እስከፈለግሽ ድረስ ትይዢዋለሽ፣ ንድፉ በ15 ዓመት ሲያልቅ ስሙ ይቀጥላል። «መንዝ» የሚለውን ብቻሽን የኔ ነው ለማለት ግን አትሞክሪ፣ የአገር ስም ነው፣ ባይፈቅዱልሽም ልክ ናቸው። እሱ እንዲጠበቅ ከተፈለገ ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ ተሰብስባችሁ በማኅበር የወል ምልክት ማውጣት ነው ያለው መንገድ። ቡናችን ላይ አገር ደረጃ የተደረገው ነገር ከዚህ አይርቅም፣ በ1999 ስታርባክስን የሚያህል ድርጅት ከመንግሥት ጋር ስምምነት የፈረመው ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ በሚሉት ስሞች የተነሳ ነው። ይሄ ግን የአንድ ሰው ሥራ ስላልሆነ ለመጋቢቱ አታስቢው፣ ረጅም ነው።

ዋጋ ልቀንስ ወይ ላልሽኝ፣ በፍጹም። ሱፍ ተፈትሎ ተሸምኖ ቀንድ ተሞርዶ 1,100 ብር የሚገባበት ሒሳብ የለም፣ ብትገቢበት እናትሽ በነፃ ፈተለች ማለት ነው። 1,100 ብር ብቻ ያለውን ገዢ ማጣት ከቆጨሽ ከቅዱ የሚተርፈውን የባና ቁራጭ አትጣይው፣ ትንሽ የሳንቲም ቦርሳ፣ የስልክ ማኖሪያ ነገር ሥሪና በዛ ብር ሽጪለት፣ ቁልፉም ትንሽ ሆኖ ያው ያንቺው ይሁን። እሱን ግን ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ለማንም አታሳዪ፣ ቴሌግራም ላይም እንዳትለቂው።